ጠጋኝ ያጣ ፊደል፤ ከስቶክሆልም እስከ ሞታ ዋሻ

መስከረም 26 ቀን 2008 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሳይንቲስቶች መስጠቱን ከስቶክሆልም አስታወቀ። ሽልማቱን ያሰጣቸው በሕይወት ያለ ሕዋስ የተጎዳ ዲኤንኤውን እንዴት አድርጎ እንደሚጠግን ማሳየታቸው ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 27 ቀን፣ «ሳይንስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሌላ ዜና ይዞ ብቅ አለ። ከኢትዮጵያ፣ ከጋሞ ደጋማ ምድር፣ ሞታ ከሚባል ዋሻ የወጣ የ4 ሺሕ 500 ዓመት ዐፅም የዘር መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ የሚል። ከአፍሪካ ምድር የወጣ ጥንታዊ ሰው እንዲህ ተሟልቶ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለቱ ዜናዎች በየፊናቸው ተነገሩ፤ እንደ ዜና ወግም በየፊናቸው ተረሱ። አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ ያወራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በእኔ አስተያየት ግን የሞታው ሰው ታሪክ ከዋሻው አይጀምርም፤ ከስቶክሆልም ነው የሚጀምረው። የስቶክሆልሙ ታሪክም ትርጉሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጋሞ ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንባቢዬን ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው ደጋ ከማውጣቴ በፊት አንድ ስዊድናዊ ተመራማሪ ዘንድ ይዤው ልሂድ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሞታ ስልም የጎጃሟን ሞጣ ማለቴ አይደለም፤ ፊደሉም አገሩም ሌላ ነው።)

ቶማስ ሊንዳል በ1938 ስቶክሆልም ውስጥ ተወለዱ። እዚያው ከተማ ከሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም በ1967 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በወጣትነታቸው ለምርምር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ የያዙት ሥራ የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ በሆነው በአርኤንኤ ላይ ነበር። አርኤንኤውን ማሞቅ ነበረባቸው፤ ባሞቁት ቁጥር ግን እየፈራረሰ አስቸገራቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘዴውን ለውጦ ሥራውን ይቀጥል ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ቋጥረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አርኤንኤ እንዲህ ተሰባሪ ከሆነ፣ ዲኤንኤስ ቢሆን ምን ዋስትና አለው?

ጥያቄው ዛሬ ቀላል ይመስላል። በ1960ዎቹ ግን ጥያቄ መሆኑም የታሰበው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የውርስ ማኅደር ነውና ጽኑ መሆን አለበት፤ ጽኑ ባይሆን እኛ ራሳችን ባልኖርን ነበር ተብሎ ይታመን ነበር። ሰዎች አስተማማኝ ነው ብለው የተቀበሉትን ነገር ሚዛን ላይ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የለም። የሊንዳል ትልቅነት፣ እንደኔ ግምት፣ ካገኙት ነገር ይልቅ ለመለካት በመነሣታቸው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ጽሑፍ ላውራ። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የሚጻፍ እጅግ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ የሰው ልጅ መዝገብ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ብራና የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የኛ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ «ሸማ» ብሎ ጻፈ እንበል። ዘመን አልፎ፣ እርጥበት ገብቶ፣ በ«ሸ» ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ብትለቅ ቃሉ «ሰማ» ይሆናል። ሸማው ቀርቶ መስማት ሆነ። የሚያስፈራው ደግሞ «ሰማ» ራሱ ቃል መሆኑ ነው፤ አንባቢው ሳይጠረጥር ያልፈዋል። ገልባጭ ቢመጣም እንዳገኘው ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስሕተቱ የመጽሐፉ አካል ሆነ ማለት ነው።

በዲኤንኤ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ሳይቶሲን የሚባለው ፊደል ውኃ ሲነካው አንዲት ቁራጭ ትረግፍበትና ዩራሲል ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ዩራሲል ደግሞ ገልባጩ ሲያነበው ታይሚን የሚባለውን ሌላ ፊደል ይመስላል። ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዱ ፊደል እንዳለ ከመስመሩ ይነቀልና ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ በሆነበት በኩልም ክሩ ይበጠሳል።

ሊንዳል ወደ ካሮሊንስካ ተመልሰው ዲኤንኤን ውኃ ውስጥ በተለያየ ሙቀት እያቆዩ ጉዳቱን በትዕግሥት ለኩት። ውጤቱ በ1972 እና በ1974 በታተሙ ጽሑፎች ወጣ። ከሙከራው ተነሥቶ በተሠራው ስሌት መሠረት በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ወደ 10 ሺሕ የሚደርሱ ፊደላት ይነቀላሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳይቶሲኖችም ይለወጣሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ጨረርም መርዝም ሳይነካው ነው። አጥፊው ውኃና የገዛ ሰውነታችን ሙቀት ነው። ያለ ውኃና ያለ ሙቀት መኖር አንችልም፤ የሚያፈርሱንም እነሱው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ በምድር ላይ ሕይወት ሊኖር ባልቻለ ነበር። ሕይወት ግን አለ። ስለዚህ ሊንዳል ጠጋኝ መኖር አለበት ብለው ደመደሙና ፍለጋ ገቡ። በ1974 አንድ ተራ የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ አገኙት። ያገኙት ኢንዛይም ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ በዲኤንኤው ላይ ዩራሲልን ፈልጎ መንቀል። እሱ ሲነቅል ሌላው ኢንዛይም ቦታውን ይቆርጣል፤ ሦስተኛው ትክክለኛውን ፊደል ይተካል፤ የመጨረሻው ክሩን መልሶ ይቋጥራል። ቁም ጸሐፊ ስሕተቱን በቢላዋ ፍቆ በዚያው ላይ ቀጭን አድርጎ እንደሚጽፈው ማለት ነው።

ለመሆኑ ያ ኢንዛይም የተበላሸውን ከደህናው በምን ይለየዋል? መልሱ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። አርኤንኤ ዩራሲልን እንደ መደበኛ ፊደሉ ይጠቀምበታል። ዲኤንኤ ግን በዚያው ፋንታ ታይሚንን ይጠቀማል፤ ታይሚንን ለመሥራት ደግሞ ሕዋሱ ተጨማሪ ወጪ ያወጣል። ለምን ይህን ያህል ይደክማል ቢባል፣ ዩራሲል የቤቱ ሰው ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ እንግዳውን ከባለቤቱ መለየት ባልቻለ ነበር። አሁን ግን ዩራሲል በዲኤንኤ ላይ በተገኘ ጊዜ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ከተበላሸ ሳይቶሲን የመጣ ነው። ፊደሉ ገና ሲመረጥ ስሕተቱ እንዲታወቅ ሆኖ ተመረጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሊንዳል ሕይወት የረጅም ሥራ ሕይወት ነው። በ1981 ወደ እንግሊዝ ሄደው የካንሰር ምርምር ውስጥ ገቡ፤ ከ1986 እስከ 2005 ከለንደን ወጣ ብሎ የሚገኘውን የክሌር ሆል ቤተ ሙከራ መሩ። በ1996 የሰውን ጥገና ከነኢንዛይሞቹ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አንድ በአንድ ገጣጥመው ሠሩት። አብረዋቸው ከተሸለሙት ሁለቱ አሜሪካዊው ፖል ሞድሪች ጽሑፉ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚያርመውን ሥርዓት ያወቁ ናቸው። ሦስተኛው አዚዝ ሳንጃር በ1946 በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ ወላጆች ተወለዱ። ኢስታንቡል ሕክምና ተምረው በገጠር ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ነው ወደ አሜሪካ ሄደው የፀሐይ ብርሃን በዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና ጥገናውን መመርመር የጀመሩት። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ተመድበው ስንቱን ሲያክሙ የኖሩ የኛ ሐኪሞች የሳንጃርን ታሪክ ቢያነቡ ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሕያው ሕዋስ ነው። ሰው ሲሞትስ? ሕዋሱ ሲሞት ጠጋኞቹ ሥራ ያቆማሉ። ውኃውና ሙቀቱ ግን ሥራቸውን አያቆሙም። ፊደላቱ ይነቀላሉ፤ ክሩ ይበጣጠሳል፤ ሳይቶሲኑ አንድ በአንድ ወደ ዩራሲል ይለወጣል፤ የሚመልሰው የለም። ሊንዳል በ1993 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ዝነኛ ሐተታ ይህንኑ መዓት ቁልጭ አድርገው አሰፈሩት። ርጥብና ሙቅ በሆነ ቦታ የቀረ ዲኤንኤ በጥቂት ሺሕ ዓመታት ውስጥ ይደቃል፤ በቀዘቀዘና በደረቀ ቦታ ግን ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ዘመን ሊቆይ ይችላል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

ዘመኑ የ«ጁራሲክ ፓርክ» ፊልም ዘመን መሆኑን እናስታውስ። በደረቀ ጥንታዊ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ተዘግታ ከኖረች ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላት ነፍሳት ዲኤንኤ ወጣ ተባለ። በ1994 ደግሞ የ80 ሚሊዮን ዓመት የዳይኖሰር አጥንት ተነበበ ተባለ። የሊንዳልን ስሌት የያዘ ሰው ግን ሊያምን አልቻለም። በኋላ ሲመረመር የዳይኖሰር የተባለው ዲኤንኤ የሰው ሆኖ ተገኘ፤ የነፍሳቱንም ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግመው ሊያገኙት አልቻሉም። ይሁንና ሊንዳል ሁሉን የሚያጣጥሉ ሰው አልነበሩም። በ1997 ስቫንቴ ፔቦ የተባሉት ሌላው ስዊድናዊ ከኒያንደርታል አጥንት የጥቂት ዲኤንኤ ንባብ ሲያወጡ፣ በዚያው መጽሔት በዚያው እትም ላይ ሥራውን ደግፈው የጻፉት ሊንዳል ነበሩ። ፔቦ በዚሁ መስክ በ2022 ራሳቸው ኖቤል ተሸለሙ።

ጥንታዊ ዲኤንኤ የሚያነብ ሰው ትልቁ ጠላቱ የገዛ እጁ ነው። የቆፋሪው ላብ፣ የመዛኙ ትንፋሽ፣ የአጣቢው ጣት ሁሉ ዲኤንኤ ይተዋሉ። እጅግ ያረጀው ጥቂት፣ አዲሱ ብዙ ነውና አዲሱ ይውጠዋል። ታዲያ ያነበብነው የሟቹ ይሁን የቆፋሪው በምን ይታወቃል? መፍትሔው ከራሱ ከጉዳቱ መጣ። በተበጣጠሰው ክር ጫፍና ጫፍ ላይ ሳይቶሲን በብዛት ታይሚን ሆኖ እንደሚነበብ በ2007 በታተመ ጥናት በግልጽ ታየ። ይህ ምልክት የዘመን ምልክት ነው፤ የትናንት ላብ አይኖረውም። ሊንዳል እንደ ጥፋት የለኩት ነገር የእውነተኛነት ማኅተም ሆኖ አረፈው። ይባስ ብሎ በ1974 ያገኙት ዩራሲል ነቃይ ኢንዛይም ዛሬ በጥንታዊ ዲኤንኤ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ተራ መሣሪያ ነው። ከሺሕ ዓመታት በፊት መጠገን የነበረበትን ፊደል አሁን በመስታወት ዕቃ ውስጥ እንዲነቅል ይደረጋል።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን እንመለስ።

በየአገሩ ዐፅም እየተነበበ ባለበት በዚያ ዘመን አፍሪካ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። የአውሮፓና የሳይቤሪያ ብርድ ያቆየውን የአፍሪካ ሙቀት አያቆይም፤ አህጉሪቱ የሰው ልጅ መገኛ ብትሆንም ጥንታዊ ዲኤንኤ ከእሷ መጠበቅ ከንቱ ነው የሚል ተስፋ መቁረጥ ሰፍኖ ነበር። ስለ ቆላው ከሆነ ሐሳቡ ስሕተት የለውም። ነገር ግን «የአፍሪካ ሙቀት» የሚሉ ሰዎች አርባ ምንጭን ዐይተው ጨንቻን ያላዩ ይመስሉኛል። አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ተቀምጣ ትጋግላለች። ከዚያ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት የያዘ መንገደኛ ግን ገና ቀርከሃውና እንሰቱ ሲመጣ ጋቢውን ይፈልጋል። እኔ በዚያ መንገድ ስወጣ የበጋ ፀሐይ ነበረ፤ ማታ ግን እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ነው ያመሸሁት። የጉጌ ተራሮች ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺሕ ሜትር ያልፋል። የኢትዮጵያ ደጋ በአፍሪካ ውስጥ ያለ ሌላ የአየር ጠባይ መሆኑን እኛ ከልጅነታችን «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ» እያልን የምናውቀው ነው።

ጆን አርተርና ካትሪን ዊድማን አርተር የተባሉ ባልና ሚስት አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች ወደ ጋሞ የመጡት ዲኤንኤ ፍለጋ አልነበረም። ባልየው የሸክላ ሥራን፣ ሚስቲቱ ደግሞ እስከ ዘመናችን ድረስ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚፍቁትን ባለሙያዎች ለማጥናት ነበር ለዓመታት የተመላለሱት። ከጊዜ በኋላ ከማቲው ከርቲስ ጋር ሆነው የደጋውን ጥንታዊ ሰፈሮችና ዋሻዎች መመርመር ያዙ። ወደ ሞታ ዋሻ መርተው ያደረሷቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ጉዳይ ብዙው ዜና በአንድ ሐረግ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። በጋሞ የሽማግሌ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው መላው አገር ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በደረሰው ግድያ ተቆጥቶ ለብቀላ የተነሣውን የአርባ ምንጭ ወጣት ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ በመንበርከክ መለሱት። አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ዋሻውንም የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

በ2012 ዋሻው ሲቆፈር ከድንጋይ ክምር ሥር አንድ ዐፅም ተገኘ። ዐዋቂ ወንድ ነው። የዕድሜው ልክ በካርቦን ምርመራ ወደ 4 ሺሕ 500 ዓመት ሆነ፤ ማለት የግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች በሚሠሩበት ዘመን አካባቢ የኖረ ሰው ነው። «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። በዕድሜ ካየነው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ግን ለጋ እያለ ሞቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል በሚል ሰበብ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ናሙናው የተወሰደው ከራስ ቅሉ ሥር፣ የውስጥ ጆሮን ከሚያቅፈው አጥንት ነው። ይህ አጥንት በሰውነታችን ካሉት ሁሉ የጠጠረ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም «ጴጥራ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ስለሆነ ከጴጥሮስ ስም ጋር አንድ ሥር አለው፤ አለት ማለት ነው። በደብሊን ይሠሩ የነበሩት ሮን ፒንሃሲና ባልደረቦቻቸው ከሌሎቹ አጥንቶች ይልቅ ዲኤንኤን አብልጦ የሚያቆየው ይህ መሆኑን ያሳዩት በ2014 ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ባይራ ተነበበ። የዋሻው ቅዝቃዜና ድርቀት፣ የአጥንቱ ጥጥርነትና የደጋው ከፍታ ተባብረው የሊንዳልን ሰዓት አዘግይተውት ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ ከ12 ጊዜ በላይ ተደጋግሞ ተነበበ፤ ለጥንታዊ ዐፅም ይህ እጅግ የጠራ ንባብ ነው። ጽሑፉን የመሩት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድሬያ ማኒካ ሲሆኑ ቀዳሚው ጸሐፊ ማርኮስ ጋሌጎ ዮሬንቴ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነበር።

የተነበበው ምን አለ? ዐይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጥቁር ነበር። ዐዋቂ ሰው ወተት እንዲስማማው ከሚያደርጉት የታወቁ የጂን ለውጦች አንዱም አልተገኘበትም። ከዛሬ ሕዝቦች ሁሉ ይበልጥ የሚቀርቡት ጂንካ አካባቢ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው፤ እነሱም እንደ ጋሞ ከኦሞአዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን ናቸው። ለ4 ሺሕ 500 ዓመት አንድ የደም መስመር ከዚያ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ኖሯል ማለት ነው። መንግሥታት መጥተው ሲሄዱ ያ ደጋ ሰዎቹን ይዞ ቆይቷል።

ለታሪክ ጸሐፊ ግን የበለጠ የሚያጓጓው ሌላ ነበር። የዛሬ ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ድርሻ መኖሩ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ በተሳተፉበት በ2012 በወጣ ጥናት ያ መቀላቀል ወደ 3 ሺሕ ዓመት ገደማ ተገምቷል። ባይራ ከዚያ በፊት የኖረ ነውና መቀላቀሉ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን መልክ ያሳያል። እሱን እንደ መነሻ አድርጎ ከዛሬው ሰው ጋር በማስተያየት የመጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ተሰላም። ውጤቱም በምሥራቅ አፍሪካ ድርሻው ትልቅ መሆኑን አሳየ።

ጽሑፉ ግን እዚያ አላቆመም። ከምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችና ከኮንጎ ጫካ ምቡቲዎች ሳይቀሩ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ደም አላቸው አለ። አርእስቱም «በመላው የአፍሪካ አህጉር» የሚል ነበር። ይህ ከባድ ቃል ነው። አፍሪካ ውስጥ ከውጭ ያልተነካ ጥግ የለም እንደማለት ነውና።

ጥቂት ወራት ሳያልፉ፣ በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ በሃርቫርድ የሚሠሩት ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ስሌቱን መልሰው ሲሞክሩት አልገጥም አላቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ ተገኘ። ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ፋይል እንዲያነብ የሚያስችል አንድ የመለወጫ እርምጃ ተዘሎ ነበር። በዚህ የተነሣ ባይራ ማመሳከሪያ ከሆነው የሰው መዝገብ ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ቦታዎች ሳይቆጠሩ ወደቁ። የሚመሳሰልበት ሲወድቅ የሚለይበት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ባይራ ከሌሎች አፍሪካውያን ከሚገባው በላይ የራቀ መሰለ፤ እነሱ ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ የተጠጉ መሰሉ። ዮሩባውና ምቡቲው ላይ የተባለው ሁሉ በዚህ ፈረሰ። የምሥራቅ አፍሪካው ግን ጸና።

ጸሐፊዎቹ ስሕተቱን አልሸሸጉም፤ ራሳቸው አሳወቁ። እርማቱ በዚያው በ«ሳይንስ» መጽሔት ወጣ፤ «መላው አፍሪካ» የሚለው አርእስት ተፍቆ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተባለ። ስለ ቁም ጸሐፊ ቢላዋ ቀደም ብዬ ያወራሁት ለዚህም ነበር። እንደታዘብኩት ግን የመጀመሪያው ዜና የሄደበት አገር ሁሉ እርማቱ አልደረሰም። የተፋቀውን አርእስት እንደ እውነት የሚጠቅስ ጽሑፍ እኔ ራሴ ከዓመታት በኋላ አንብቤያለሁ። ሕዋስ ውስጥ ስሕተቱ ከመገልበጡ በፊት ካልተነቀለ ያው የምናውቀው ነው የሚደርሰው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ስለ አሪዎች ሳወራ አንድ ነገር ዘልያለሁ። አሪዎች ገበሬዎችና ብረት ቀጥቃጮች ተብለው ይለያሉ፤ ቀጥቃጮቹ የተናቁ ናቸው፤ ከገበሬው ጋር አይጋቡም። ይህን መለያየት ምሁራን በሁለት መንገድ ሲያስረዱ ኖረዋል። አንደኛው ወገን ቀጥቃጮቹ ገበሬዎች ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ የነበሩ የሌላ ዘር ቅሪቶች ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ሁሉም አንድ ሕዝብ ነበሩ፤ በሙያቸው ምክንያት ተገፍተው ተለዩ ይላል። በዲኤንኤ ሲታዩ ቀጥቃጮቹ በእርግጥ ለየት ብለው ስለሚታዩ ፊተኛው ሐሳብ ያየለ መስሎ ነበር። የባይራ ዜና ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ወር 2015፣ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4 ሺሕ 500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀጥቃጮቹ ለየት ያሉት ሌላ ዘር ስለሆኑ ሳይሆን ተገልለው፣ ቁጥራቸው አንሶ፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ በመኖራቸው ነው። ልዩነቱን የወለደው መገለሉ ነው ማለት ነው።

በጋሞም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። ገበሬውና ሸማኔው ማላ፣ ሸክላ ሠሪዋ ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ይባላሉ። ማላው ከማናውም ከደጋላውም ጋር መጋባት እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል፤ የመሬትና የሸንጎ ነገርም በዚያው ልክ። ሰሜኑ አገር ከዚህ ነፃ ነኝ እንዳይል። ጠይብና ቡዳ እያልን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ስናሸማቅቅ የኖርን እኛ ነን፤ ማረሻውን ግን ከእጁ እንቀበላለን፤ ወጡንም በእጇ በሠራችው ድስት እንሠራለን። በደም ሌላ ናቸው የሚለው ወሬ በዲኤንኤ ምርመራ ሲፈተን፣ ቢያንስ በአሪ ምድር፣ መሠረት አጥቷል።

ባይራ በኖረበት ዘመን ብረት በአገሩ አልነበረም። ዋሻው ውስጥ የተገኙት መሣሪያዎች የድንጋይ ናቸው። ድንጋይ ጠርቦ ቆዳ መፋቅ ያኔ የማንም ሥራ ነበረ፤ የሚያስንቅም አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ካትሪን ዊድማን አርተር በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ የጋሞን የድንጋይ መሣሪያ ሠሪዎች ሙያ ከልጅነት ልምምዱ ጀምሮ በዝርዝር ጽፈውታል። ድንጋዩን የሚመርጡት፣ የሚጠርቡት፣ በእንጨት እጄታ የሚያስገቡትና ቆዳውን የሚፍቁት፣ ከዓለም ሕዝቦች መካከል ይህን ሙያ እስከ ዘመናችን ካቆዩት ከጥቂቶቹ ውስጥ የሆኑት ሰዎች ደጋላዎች ናቸው።